በፕላኑ ላይ ያልተነደፉ ጋኖች

ኢፖ፣ ኤፕሪል 20 ቀን 1983

ለወንድሜ ልጅ ለአ ሜንግ፤

እንዴት ከርመሃል? ሚስትህ ቢ ሊያንስ እርግዝናው ተስማምቷታል? ያለፉት አባቶቻችን ከበላያችሁ ይሁኑ፤ መውጫችሁንም መግቢያችሁንም ይጠብቁ። እኛ ደህና ነን። ሁለተኛዋን አክስትህን ጉልበቷን ያማታል፤ አፏን ግን ምንም አላመማትም።

የጓሯችን አርባ ስድስቱም ጋኖች ሞልተዋል። በጃንዋሪ የከደንኩት አኩሪ አተር ቀለሙን መያዝ ጀምሯል። ዘንድሮ የሚያብላላው ፀሐይ ጥሩ ስለሆነ ሶሱ እንደ አባባ ጊዜ ጥቁር ይወጣል ብዬ ተስፋ አድርጌያለሁ። ሁለት ጠርሙስ በአውቶቡስ ሹፌሩ እጅ ልኬልሃለሁ፤ አንዱን ለአለቃህ ስጥ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ከግንባችን በስተምዕራብ ያለው የቆርቆሮ መጋዘን ተሽጧል። በላዩ ባለ ስምንት ፎቅ ሆቴል ሊሠራበት ነው ይላሉ። ልብስ ሰፊው ሙቱሳሚ ከማዘጋጃ ቤት የአደራ ደብዳቤ ደርሶታል፤ «ጎረቤት ነህና መቃወሚያ ካለህ በሃያ አንድ ቀን ውስጥ አቅርብ» ይላል። ለእኛ ግን ምንም አልመጣም። የሙቱሳሚ ቤት ከመንገዱ ማዶ ነው፤ እኛ ግንብ ለግንብ ነን። ይህ እንዴት ይሆናል?

አንተ ፕላን የምትነድፍ ሰው ነህ። ስምንት ፎቅ ከግንባችን ጥግ ቢቆም ጥላው እስከ የት ይደርሳል? ጓሯችን ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ፀሐይ ያገኛል። ከዚያ ላይ ግማሹ ከተወሰደ ጋን ውስጥ ያለው ሶስ መሆኑ ቀርቶ ይሸታል። ቶሎ ጻፍልኝ።

ሦስተኛዋ አክስትህ፣ ሳው ይን

*

ሲንጋፖር፣ ሜይ 17 ቀን 1983

ለተከበሩ ለሦስተኛዋ አክስቴ፤

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ለሁለተኛዋ አክስቴም እንዲሁ። የላኩልን ሶስ ደርሶናል፤ እጅዎ ይባረክ። ቢ ሊያን ደህና ናት፤ ሐኪሙ ለኦክቶበር ብሏታል።

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ስለ ሆቴሉ ብዙ አይጨነቁ። እንዲህ ያለ ሥራ ከፕላን እስከ ጣራ ዓመታት ይፈጃል፤ በመሀል የሚቀርም ብዙ ነው። ማዘጋጃ ቤት ሄደው ቢጠይቁ ሁሉንም ያስረዱዎታል። የጓዳው ጣራ ያፈሳል ብለውኝ ስለነበር ለክዳን የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ።

አክባሪዎ፣ ቼ ሜንግ

*

ኢፖ፣ ሜይ 26 ቀን 1983

ለአ ሜንግ፤

ዕድሜና ጤና ይስጥህ፤ የሚወለደውንም በደህና ያገናኘን። ገንዘቡ ደርሶኛል። ስለ ጣራ የጻፍኩልህ ካቻምና ነበር፤ እሱ ተከድኖ አልቋል። እኔ የጠየቅኩህ ስለ ጥላ ነው።

እንዳልከኝ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። መዝገብ ቤት ሮሃያ የምትባል ሴት አለች፤ ፊቷ የማይቋጠር፣ ሰው የምታስተናግድ።

«አክስቴ፣ ለእናንተማ ደብዳቤ ተልኳል» አለችኝ። «ማርች 18 ቀን፣ በአደራ። ለአቶ ፉ ክዋይ ሂን።»

«እሳቸውማ አባቴ ናቸው። ከሞቱ አሥራ ሁለት ዓመታቸው።»

«ካርታው ላይ ያለው ስም የሳቸው ነው፤ እኛ የምንልከው ካርታው ላይ ላለው ስም ነው። ታዲያ ማን ፈረመላቸው?» ብላ ደብተሩን አዙራ አሳየችኝ። ዶሮ የጫረው የመሰለ ፊርማ ተጋድሟል። የማን እንደሆነ ልነግርህ አያስፈልግም።

ቤት ገብቼ ሁለተኛዋን አክስትህን ያዝኳት።

«አዎ፣ መጥቶ ነበር» አለችኝ ዓይኗን ሳታሽ። «ለአባባ ነው።»

«ታዲያ የታለ?»

«ለአባባ ሰጠኋቸዋ።»

«እንዴት አድርገሽ?»

«እንዴት ነው የሚሰጠው? በመቃብር ጠረጋው ቀን፣ ለሙታን ከሚላከው ከወረቀት ካፖርቱና ከወረቀት ጫማው ጋር አቃጥዬ ላኩላቸው። የሰው ደብዳቤ ከፍቼ ላንብብልሽ እንዴ? የመንግሥት ማኅተም ያለበት!»

በማግስቱ ይህን ለሮሃያ ስነግራት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀችና «ታዲያ መልስ ጻፉ?» አለችኝ። ካበቃች በኋላ ግን ወንበር ስባ አስቀምጣ ደህና አድርጋ አስረዳችኝ። ሃያ አንዱ ቀን አልፏል። ሆኖም ጉዳዩን የሚያየው ኮሚቴ የሚቀመጠው ጁላይ 18 ነው። ከዚያ በፊት የአባባ የሞት ወረቀት ከወራሾች ሁሉ ፊርማ ጋር ከቀረበ፣ ሰብሳቢው ከፈቀደ የዘገየ መቃወሚያ ሊቀበል ይችላል። ወራሾቹ ሦስት ነን፦ ሁለተኛዋ አክስትህ፣ እኔ፣ እና በሟች አባትህ ፋንታ አንተ። የአንዳችን ፊርማ ከጎደለ አይቀበሉም።

ፕላኑንም አሳየችኝ። የሙቱሳሚ ቤት አለ፣ የውኃ መውረጃው ቦይ አለ፣ የመንገዱ ዛፍ እንኳ ሳይቀር አለ። በእኛ ጓሮ ላይ ግን «ባዶ ቦታ» ተብሎ ተጽፎበታል። ከጎኑ የጥላ ወረቀት ተያይዟል፤ ጥላው ባዶ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ የሚጎዳ ጎረቤት የለም ይላል። ብዙ ሰዓት ቆሜ አየሁት፤ ከላይ እስከ ታች፣ ከጥግ እስከ ጥግ።

ቅጹን አያይዤልሃለሁ። ፈርመህ ከመታወቂያህ ግልባጭ ጋር መልሰህ ላክልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ሦስተኛዋ አክስትህ

*

ሲንጋፖር፣ ጁን 22 ቀን 1983

ለተከበሩ ለሦስተኛዋ አክስቴ፤

ሰላምታዬ ባላችሁበት ይድረስ። እኛ ደህና ነን።

ቅጹ ደርሶኛል። ከመፈረሜ በፊት ግን አንዳንድ ነገር እንዲያስቡበት እፈልጋለሁ። እርስዎ ስልሳ ሦስት ዓመትዎ ነው። ጋን ማማሰል፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ሮጦ መክደን እስከ መቼ ነው? ባለሆቴሉ ደህና ካሳ ሊሰጥ ይችላል። ከከተማው ወጣ ብሎ ሰፊ መሬት ማግኘትም አያቅትም፤ ጋኖቹን እዚያ ማዛወር ይቻላል። እኔም በየወሩ የተቻለኝን እልካለሁ።

ስለ ፕላኑም ነዳፊውን በክፉ አይዩት። ሥራው የሚጀመረው ከመሬት ክፍል ካርታ ነው፤ እዚያ ላይ የሚታየው ጣራ ያለው ነገር ብቻ ነው። ጋን ደግሞ ጣራ የለውም። ከግንቡ እስከ መጀመሪያው የጋን ረድፍ ያለው አራት ሜትር እንኳ በካርታው ላይ አይገባም።

በደንብ አስበውበት ይጻፉልኝ።

አክባሪዎ፣ ቼ ሜንግ

*

ኢፖ፣ ጁን 28 ቀን 1983

ለአ ሜንግ፤

ጤና ይስጥህ።

አስቤበታለሁ። ጋን በጭነት መኪና አይጫንም። የዛሬ አርባ ዓመት አባባ ሁለቱን ብቻ ሦስት ቤት አሻግረው ሲያዛውሩ አንዱ ተሰነጠቀ፤ በሌላው ውስጥ ያለው ሶስ ጣዕሙ እስኪመለስ ድረስ ሁለት ዓመት ፈጀ። ደግሞ አርጅተሻል ያልከኝን ሁለተኛዋ አክስትህ ሰምታ፣ «እሱ ራሱ ሲመጣ ከጋን ጋር እናታግለው» ብላለች።

አሁን ደግሞ የልቤን ልንገርህ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አይባልም። ከፕላኑ በታች በቀኝ ጥግ ትንሽ ሰንጠረዥ አለች። ምንድን ናት ብዬ ሮሃያን ጠየቅኳት። «የነዳፊው ስም ነው» አለችኝ። ፉ ቼ ሜንግ ይላል።

ይህን ያየሁት ሜይ 24 ቀን ነው። ባለፈው ስጽፍልህ አውቅ ነበር። አንተ ራስህ እስክትነግረኝ ጠበቅኩ። አንድ ወር ጠበቅኩ። የመጣልኝ ጋን ጣራ የለውም የሚል ነው።

አልሳደብም። ስሜቴን ከጠየቅከኝ ግን ተቃጥያለሁ። መቃወሚያው እስከ ጁላይ 13 መግባት አለበት። የማትፈርም ከሆነ አልፈርምም ብለህ ጻፍልኝ፤ እኔም ቁርጤን አውቄ ዕቃዬን ለባለሆቴሉ ላስገምት።

ሳው ይን

*

ሲንጋፖር፣ ጁላይ 6 ቀን 1983
(በአውቶቡስ ሹፌሩ እጅ)

ሦስተኛ አክስቴ፤

አዎ፣ እኔ ነኝ።

ሥራው የመጣው ባለፈው ኖቬምበር ነው። ኢፖ ያለው አርክቴክት ንድፉን የሚያሠራው በእኛ ቢሮ ነው። የመንገዱን ስም ሳይ የእኛ መሆኑን አወቅኩ። ለአለቃዬ «ይህ ጓሮ ባዶ አይደለም» አልኩት። «ካርታው ላይ አለ?» አለኝ። የለም። «ካርታው ላይ የሌለ የለም፤ ያለውን ብቻ ንደፍ» አለኝ። የምግብ ሥራ አለ ብዬ ብጽፍ ጥላው በየሰዓቱ እንዲጠና ሊታዘዝ ነው፤ ሥራው በሁለት ወር ይጓተታል፤ የሚጓተተውም በእኔ ስም ነው። ባዶ ቦታ ብዬ ጻፍኩ። ዝናብ ሲመጣ ክዳን ተሸክሜ እየሮጥኩ ያደግኩበትን ጓሮ።

በልቤ ያሰብኩትን ልንገርዎ፤ ቢያስቅዎትም ይሳቁ። ማዘጋጃ ቤቱ ለጎረቤት ደብዳቤ መላኩ አይቀርም፤ አክስቶቼ ይቃወማሉ፣ ፕላኑ ይመለሳል፣ እኔም አንድ ቃል ሳልተነፍስ ነገሩ ይስተካከላል ብዬ ነበር። ሁለተኛዋ አክስቴ ለአያቴ ትልክላቸዋለች ብዬ አላሰብኩም።

ያፈርኩት በመንደፌ ብቻ አይደለም። ሲጽፉልኝ ስለ ጣራና ስለ ካሳ በመመለሴ ነው።

የፈረምኩበትን ቅጽ አያይዤያለሁ። ሌላም አለ። ከሥራ በኋላ የጥላውን ወረቀት እንደገና ነደፍኩት፤ አርባ ስድስቱንም ጋኖች በየቦታቸው አስገብቼ። ስምንት ፎቅ ከሆነ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ ጓሮው በሙሉ ይጨልማል። በእናንተ በኩል ያለው ዝቅ ካለ ግን ብዙው ይተርፋል። ለኮሚቴው ይስጡት። ስሜን ግን አላስገባሁበትም፤ ማን እንደነደፈው አይንገሩብኝ። ከታወቀ ያባርሩኛል፤ ልጁም ሦስት ወር ነው የቀረው።

ቼ ሜንግ

*

ኢፖ፣ ጁላይ 20 ቀን 1983

ለአ ሜንግ፤

ሰላም ላንተና ለቤትህ ይሁን። የምጽፈው ደስ የሚልህ አይደለም፤ ተቀምጠህ አንብበው።

ከትናንት በስቲያ በአራት ሰዓት ቀረብን። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ሰባት ሰዎች በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ የባለሆቴሉ አርክቴክት በአንድ ወገን፣ እኛ በሌላው። ሁለተኛዋ አክስትህ ካልመጣሁ ቅር ይለኛል ብላ የሐር ልብሷን ለብሳ መጣች። ሰብሳቢው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። የዘገየውን መቃወሚያ ተቀበሉልን። ለምን እንደዘገየ ሮሃያ በጽሑፍ አስረድታ ስለነበር ከንፈራቸውን ነክሰው ነው ያነበቡት።

ያንተን ወረቀት ሰጠሁ። ለብዙ ጊዜ አዩት።

«ይህን ማን ነደፈው?» አሉ።

«በፖስታ የመጣ ነው» አልኩ።

«ከማን?»

ቦርሳዬን ከፍቼ ዘጋሁ።

«እናቴ፣ ባለቤት የሌለው ንድፍ ልቀበል አልችልም። ነዳፊው ተጠርቶ ልክ ነው ወይስ አይደለም ተብሎ መጠየቅ አለበት። ስም ከሌለው ከመዝገቡ አወጣዋለሁ።»

አርክቴክቱ ፈገግ አለ። እኔም ወረቀቱን መልሼ ለመውሰድ እጄን ዘረጋሁ። እውነቱን ነው የምልህ፣ ልወስደው ነበር። ፀሐዩ ይሂድ ብዬ ነበር።

ይሄኔ ሁለተኛዋ አክስትህ በዱላዋ ወለሉን መታችና «ማን ነደፈው ትሉናላችሁ? የወንድማችን ልጅ ነዋ!» አለች። «ያንንም እሱ ነው፣ ይሄንንም እሱ ነው! ያንን በደመወዝ ነደፈው፣ ይሄንን በነፃ። እስቲ የትኛው ይበልጣል?»

አርክቴክቱ ፈገግታው ጠፋ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወረዱና ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አደረጉ። «አንድ ሰው፣ አንድ ጓሮ፣ ሁለት ፕላን» አሉ። ከዚያ ወሰኑ፤ ኦገስት 8 ቀን ኮሚቴው ራሱ መጥቶ ጓሮውን ያያል። ነዳፊውም እዚያው ተገኝቶ ያስረዳል። ደብዳቤው ለቢሮህ ተልኳል።

ሁለተኛዋ አክስትህ የሠራችው አሁንም አልገባትም። «ጎበዝ ነው አልኩ እንጂ ምን አልኩ?» ትላለች። የአውቶቡሱ ተሳፋሪ ሁሉ እያየኝ አለቀስኩ።

ሦስተኛዋ አክስትህ

*

ሲንጋፖር፣ ጁላይ 30 ቀን 1983

ሦስተኛ አክስቴ፤

ደብዳቤው ቢሮ ደርሷል። አለቃዬ በሩን ዘግቶ አነጋገረኝ። አልጮኸም። «ሂድና ካርታው ባዶ ስለሚል ባዶ አልኩ፣ ጋን መኖሩን አላውቅም ነበር በል። ይህን ካልክ ስህተቱ የካርታው ይሆናል፤ አንተም ማክሰኞ ሥራህ ላይ ትገኛለህ» አለኝ።

ካርታው በርግጥም ባዶ ነው የሚለው። ግማሹ እውነት ነው።

ሁለተኛዋን አክስቴን ሦስት ቀን ተቆጣኋት። ምን እንዳናደደኝ የገባኝ በአራተኛው ቀን ነው። እኔ በሁለት ደብዳቤ መጻፍ ያቃተኝን እሷ በአንድ ትንፋሽ ተናገረችው።

በእሑዱ አውቶቡስ እመጣለሁ። ምን እንደምል አላውቅም። ቢ ሊያንም ስትጠይቀኝ አላውቅም ነው ያልኳት።

ቼ ሜንግ

*

ኢፖ፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1983

ለወንድሜ ልጅ ለአ ሜንግ፣ ለቢ ሊያንም፤

ከደጃችሁ ደግ ነገር አይጥፋ። የሚወለደው ሙሉ ጤና ይዞ ይምጣ። ሁለተኛዋ አክስትህ የሕፃን ጫማ እየሰፋች ነው፤ ሁለቱም የግራ እግር ይመስላሉ፤ ዝም ብዬአታለሁ።

የማዘጋጃ ቤቱ ውሳኔ ትናንት መጣ። በመንገዱ በኩል ያለው ስምንት ፎቅ ተፈቅዶለታል። በእኛ ግንብ በኩል ያለው ግን ከሦስት ፎቅ እንዳይበልጥ፣ ከግንቡም አምስት ሜትር እንዲርቅ ታዟል። በዚህ ልክ ባንተ ወረቀት ላይ ለካሁት፦ ፀሐዩ እስከ ዘጠኝ ተኩል ድረስ ይቆያል። የመጨረሻው ረድፍ አይተርፍም። ዘጠኝ ጋኖች ናቸው፤ ባዶ አድርጌ እሸጣቸዋለሁ። ሠላሳ ሰባቱ ይበቁናል። ሙቱሳሚ እንኳን ደስ አላችሁ ሊል መጥቶ ነበር፤ እንኳን አብሮ ደስ አለን ለማለት ግን አፌ አልታዘዘልኝም።

ከሥራ መሰናበትህን የጻፍክባትን ቁራጭ ወረቀት አንብቤያታለሁና። ይቅርታ እንዳደርግልህ ከታች ጽፈሃል። ስለዚህ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ኮሚቴው ጓሮውን ባየ ቀን ልነግርህ ፈልጌ አውቶቡሱ ቀደመኝ።

ሰብሳቢው በጋኖቹ መሀል ቆመው «አንተ፣ ያንን ፕላን ስትነድፍ እዚህ ጋኖች እንዳሉ ታውቅ ነበር?» ሲሉህ እኔ ከኋላህ ነበርኩ። አለቃህ ያለህን በደብዳቤህ አንብቤዋለሁ። አላውቅም ነበር በል፣ አላውቅም ነበር በል እያልኩ በሆዴ እለምንህ ነበር። አባባ ከመቃብራቸው ይስሙኝ፣ የሳቸውን ጋኖች በሙሉ ጥላ ይብላቸውና ልጄ እንጀራው ላይ ይቀመጥ ነበር የምለው። አርክቴክቱ አንገቱን እየነቀነቀ ቃሉን ሊያስይዝህ ይሞክር ነበር። አንተ የመጀመሪያውን ጋን ክዳን አንስተህ ወደ ውስጥ አየህ፤ መልሰህም ከደንከው። 

ከዚያ «አውቅ ነበር» አልክ። «አያቴ ለየጋኑ ያወጡትን ስም ጭምር አውቅ ነበር፤ እዚህ ነው ያደግኩት» አልክ።

እኔ ተናድጄብህ ነበር፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስም አልበረደልኝም ነበር። ስለዚህ ይቅርታ ብለህ ሌላ ደብዳቤ አትጻፍልኝ። የምትለውን በሰባት ሰው ፊት፣ እንጀራህን ከፍለህ ብለኸዋል፤ እኔም ሰምቼዋለሁ።

ሦስተኛዋ አክስትህ፣ ሳው ይን